ሽቦ ያልደረሰው ቻርጀር

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነሥቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። ቢሮ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ «እነእንትና ቤት በሩ በራሱ ይንኳኳል» ብሎ ሲነሣ፣ እኔ «አይጥ ነው» ብዬ ሻዬን ጨልጬ እሄዳለሁ፣ ባለቤቴ አልማዝም ለዚህ ነው ደረቅ የምትለኝ። ያደግሁት ቸርች ውስጥ ነው፣ በጌታ አምናለሁ፣ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን ይቅርብኝ፣ እመነኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ለመንፈስ የሚተርፍ ጉልበት የለኝም። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ካለው ቢሮዬ ተነሥቼ ቤቴ እስክገባ የሚጠብቀኝ ችግር ሁሉ የሚታይና የሚዳሰስ ነው፣ ውሃ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ነገ ስብሰባ አለ፣ የማይታይ ሲጨመርበት አልችልም። ስለዚህ ይህንን የምነግርህ ደስ ብሎኝ አይደለም፣ ስለሆነ ነው። መሐላ አልወድም፣ ብትፈልግ እመን፣ ባትፈልግ ተወው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመኪናዬ ነው። የነዳጅ ሰልፍ ሲመረኝ ያለኝን አሟጥጬ አንዲት ትንሽ፣ ሰው የጠገባት የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ፣ መኪናዋ ዝም ብላ ስለምታንጎራጉር አልማዝ «ፍሪጅ» ብላ ስም አወጣችላት፣ ሰፈሩም ተቀበለው፣ አሁን ጎረቤት ሲያየኝ «ፍሪጇ እንዴት አደረች?» ነው የሚለኝ። ከተማ ውስጥ ችግር የለባትም፣ ማታ ቤት ሰክተሃት ትተኛለህ፣ ጠዋት ሞልታ ትጠብቅሃለች። አገር አቋርጠህ ስትወጣ ግን ፈጣን ቻርጀር የግድ ነው፣ ፈጣን ቻርጀር ደግሞ በእኛ መንገድ ላይ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። አፕ አለ፣ ስልክህ ላይ ትጭነዋለህ፣ እያንዳንዱ ጣቢያ በካርታው ላይ ነጥብ ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ ነፃ ነው፣ ቀይ ከሆነ ሰው ይዞታል፣ ግራጫ ከሆነ አይሠራም፣ ይባላል። አረንጓዴውን አምነህ ስንት ኪሎ ሜትር ነድተህ ስትደርስ ጥበቃው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ «እንዴ፣ መብራት ከሄደ እኮ ቆየ» ይልሃል።

ለዚህ ነው እኛ ሾፌሮች የራሳችንን ግሩፕ የከፈትነው። አስተዳዳሪው ሮቤል ነው፣ እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር በኮንትራት የሚሠራ ሾፌር፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው። ግሩፑ ውስጥ ወሬ የለም፣ የጣቢያውን ስም ትጽፍና ከሦስት ቃል አንዱን ትጨምራለህ፣ «አለ»፣ «ወረፋ»፣ «የለም»፣ አለቀ። ሕጉም አጭር ነው፣ በእጅህ ያልሰካኸውን አትጻፍ፣ ሰክተህ ከሆነ ደግሞ ሳትጽፍ ከቦታው አትንቀሳቀስ። የሚወጣው ለሚመጣው ይነግራል ማለት ነው። አንዱ አንድ ጊዜ «ጓደኛዬ አለ ብሎኛል» ብሎ ጻፈ፣ ሮቤል በደቂቃ ውስጥ አባረረው፣ «ጓደኛህ ሲሰካ ጓደኛህ ይጻፍ» አለው። ሳቅን እንጂ ልክ ነበር፣ አንድ «አለ» አምኖ ልጅ ይዞ በረሃ የሚገባ ሰው አለ።

በዚያ መንገድ ላይ ማንም ስሙን የማይጽፈው አንድ ጣቢያ ነበር። ከሶዶ ስትመጣ፣ ምዕራብ አባያን አለፍ ብለህ፣ የሙዝ ማሳው ሲያልቅ በስተቀኝ። ሲሚንቶው ፈሰሰ፣ ማሽኑ ቆመ፣ ሽቦ የሚመጣበት ምሰሶም ተተከለ፣ ሽቦው ግን አልመጣም፣ አረምና ሣር ዋጠው፣ እኛም «የሣሩ ጣቢያ» አልነው። አፑ ላይ ሁልጊዜ ግራጫ ነው። ጣቢያው ሲገነባ የአካባቢው ሽማግሌዎች አቤቱታ ይዘው ነበር አሉ፣ ቦታው የቆየ ዱቡሻ ነው፣ ማለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ሜዳ፣ ድንጋዮቹ አሁንም አሉ። እኛ ጋሞዎች ዘንድ ዱቡሻ ላይ አይዋሽም። የዋሸ ጎሜ ይይዘዋል፣ ጎሜ ማለት የተላለፍከው ነውር ራስህ ላይ፣ አንተን ካላገኘም ልጆችህ ላይ ዞሮ የሚመጣ ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ «ማሽናችሁን ትከሉ፣ ብቻ እዚህ ሰው እንዳትዋሹ» ብለው ተመለሱ ተባለ። ይህንን ስሰማ ሮቤልን «እንግዲያው አፑን እዚያ መትከል ነበር» ብዬው ስቀናል።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባቴ አቶ ኦይቻ የገረሴ ሰው ነው፣ ገበሬ ነው፣ የቸርች ሽማግሌም ነው። ሆዱን ታሞ ሐዋሳ ወስደነው ከእህቴ ከማርታ ጋር ሆስፒታል ሰነበትን፣ በመጨረሻም ዶክተሩ ወደ ኮሪደር አውጥቶ፣ ትከሻዬን ይዞ፣ «አገሩ መግባት ከፈለገ ውሰዱት፣ ግን አትቆዩ» አለኝ። ከዚያ በላይ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም፣ ገብቶኝ ነበር። አባባ ደግሞ ገና ወደ አልጋው ስመለስ ፊቴን አይቶ፣ «ገረሴ ውሰደኝ፣ ባሳን ሳላየው አልሄድም» አለኝ።

ባሳ ታናሽ ወንድሙ ነው። ቤታቸው ጎን ለጎን ነው፣ በመካከል አንድ መስመር እንሰት ብቻ አለ፣ እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ግን ሁለቱ ሰላም ሲባባሉ አላየሁም። ድንበር ነው የተጣሉበት። እኛ ልጆቹ ያደግነው አጎቴ ባሳ ድንበር ገፍቶ፣ በሽማግሌ ተረትቶ፣ አኩርፎ የቀረ ሰው ነው ተብለን ነው። ሐዋሳ አልጋው ላይ ማርታ «አባባ፣ ጌታ ይቅር ብሎሃል፣ አትጨነቅ» ብትለው፣ «ጌታማ ብሎኛል፣ ባሳ ነው ያላለኝ» አላት። ያኔ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሰለኝ፣ ይቅር ማለት ያለበት አባባ እንጂ ባሳ አልነበረማ።

ጠዋት ፍሪጇን ሐዋሳ ሞልተን ተነሣን፣ እቅዴ ሶዶ ላይ ጨምሬ በአንድ ትንፋሽ ገረሴ መግባት ነበር። አባባን ከኋላ አስተኛነው፣ ማርታ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ስልኬን ይዛ ግሩፑን ታነብልኛለች። «ሶዶ፣ አለ» ይላል፣ በጠዋት የተጻፈ ነው። ሶዶ ስንደርስ መብራት የለም፣ ከተማው በሙሉ ጠፍቷል፣ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ያለው ቻርጀር ጨለማ ሆኖ ቆሟል። የጻፈው ሰው አልዋሸም፣ ሲጽፍ ነበረ፣ ከዚያ ጠፋ፣ በማን ትናደዳለህ? እዚያው ጥላ ሥር ቆመን ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ እኔ መሪው ላይ ግንባሬን አስደግፌ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፣ ድካም ነው፣ ስንት ሌሊት ወንበር ላይ አድሬያለሁ መሰለህ። በመጨረሻ አባባ ዓይኑን ሳይከፍት «ልጄ፣ እኔ መጠበቅ አልችልም» አለ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል፣ የነበረኝን ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ሁምቦ ድረስ ቁልቁለት ነው፣ ቁልቁለት ላይ ባትሪው ትንሽ ይመልሳል፣ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ቆላው ግን እንደ እሳት ይነድዳል፣ በሽተኛ ይዘህ ማቀዝቀዣውን አታጠፋም፣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ እኔም ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ቁጥሩ እያየሁ ነው የምነዳው። አባያ በግራዬ እንደ ልማዱ ቀላ ብሎ ተኝቷል፣ ፀሐይዋ ከተራሮቹ ኋላ ልትገባ ነው፣ አርባ ምንጭ እንደማልደርስ አውቄያለሁ፣ ለማርታ አልነገርኳትም። ያን ጊዜ ነው እሷ ከኋላ፣

«ጋሼ፣ አንድ ሰው የሣሩ ጣቢያ አለ ብሎ ጽፏል» ያለችኝ።

«ማነው?»

«ስም የለውም፣ ነጥብ ብቻ ነው። ፎቶም የለው።»

«ተጫዋች ነው፣ ሮቤል ያባርረዋል።»

«አሁንም ጻፈ። ሰው ይምጣና ይሰካ ይላል።»

«አፑን እይው እስቲ።»

«ግራጫ ነው።»

ሳልስቅ አልቀረሁም፣ እመነኝ፣ ድካም ሲበዛ ሳቅ ይመጣል። ግን እንዲሁ ከመንገድ ዳር ከምቆም ቢያንስ ጥላና ድንጋይ ያለበት ልቁም፣ ከዚያ ሮቤልን እጠራዋለሁ፣ መኪና ይልክልኛል፣ ብዬ ታጠፍኩ። የሙዝ ማሳው አለቀ፣ ምሰሶው ታየኝ። ምሰሶው ላይ ሽቦ የለም። ይህን ልብ በልልኝ፣ ቀና ብዬ አይቼዋለሁ፣ ከጀርባው ሰማዩ ገና ብርሃን ነበረው፣ ራቁቱን ነው የቆመው።

ማሽኑ ግን በርቷል። አረሙ መካከል፣ ሰው ረግጦት የማያውቅ ደረቅ አረም ነው፣ ስክሪኑ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ጠጋ ስል «በሥራ ላይ» ይላል፣ ማንም ሳይሰካበት። ገመዱ ከጎኑ ተንጠልጥሏል። መኪናዋን አጥፍቼ ስወርድ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ዝምታውን ነው፣ ያ ሰዓት እኮ ቆላ ውስጥ ፌንጣው፣ ወፉ፣ እንቁራሪቱ የሚንጫጫበት ነው፣ ምንም የለም፣ የራሴን ጫማ ነው የምሰማው።

«የማን ልጅ ነህ?» አለኝ አንድ ድምፅ።

ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው፣ ጋቢ ለብሷል፣ እጁ ላይ አንድ ጭብጥ እርጥብ ሣር ይዟል። ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ጫፉ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ወሩ በጋ ነበር፣ ከሶዶ እስከዚያ ድረስ አንድ አረንጓዴ ሣር አላየሁም፣ ዙሪያችንም ቢጫ ነው። እኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ሲመጣ ለእርቅ ነው፣ ይህን ሕፃን ያውቃል፣ ጥበቃ ሣር ይዞ ሲቀመጥ ግን አይቼ አላውቅም።

«የአቶ ኦይቻ ነኝ፣ ከገረሴ። ለመሆኑ ቻርጀሩ ይሠራል እንዴ?»

«እሱማ አንተ ስትሰካው ነው የሚታወቀው። ሰካ፣ አይበላህም» አለኝ፣ አማርኛው ከበድ ያለ፣ የደጋ ሰው አማርኛ ነው። «እሷ መኪና ደክሟል፣ አንተም ደክሟል፣ ውስጥ ያለውም ደክሟል። ሰካ።»

ሰካሁ። ያችን ቀጭ የምትል ድምፅ ሾፌር ሁሉ ያውቃታል፣ ከዚያ ማሽኑ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ይነሣል። ተነሣ። ግን እንደ ሌላው ወጥ ሆኖ አይጮህም፣ ከፍ ይልና ዝቅ ይላል፣ ከፍ ይልና ዝቅ ይላል፣ እኛ ጋ ሽማግሌ ሲመርቅ ሕዝቡ እየተከተለ እንደሚቀበለው ዓይነት። የመኪናዋ ቁጥር መውጣት ጀመረ። በዓይኔ አይቻለሁ።

በዚህ መካከል የኋላው መስኮት ወረደ። አባባ ነው። ከሐዋሳ ጀምሮ አንገቱን ያላቀና ሰው ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ ሽማግሌውን እያየ በጋሞኛ ማውራት ጀመረ፣ እንደሚተዋወቁ ሰዎች፣ ሰላምታም አልነበረበትም። ልጠጋ ስል ሽማግሌው ሣሩን ከፍ አድርጎ እንድቆም አሳየኝ። ቆምኩ። ግን ሰማሁ። አባባ «እኔ ነኝ የገፋሁት» ሲል ሰማሁ። «እንሰቱን በሌሊት ነቅዬ ወደ እሱ አሻግሬ የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ዱቡሻ ላይ ቆሜ፣ ሽማግሌ ፊት፣ አልገፋሁም አልኩ፣ ባሳ ተረታ።» ማሽኑ ብቻ ከፍ አለና ዝቅ አለ።

እኔ እዚያ አረም ውስጥ ቆሜ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ፍርሃት አይደለም። አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ አጎቴን በመንገድ ሳገኘው ፊቴን አዙሬ ያለፍኩት ትዝ አለኝ፣ አንድ ቀን ገበያ ላይ ከረሜላ ሲሰጠኝ መሬት ላይ ጥዬበት የሄድኩትም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፣ የአባቴ ውሸት አልቀለለም፣ ይኸው ሐዋሳ ድረስ ተሸክሞት ሄዶ ተሸክሞት ይመለሳል።

ባትሪው ከግማሽ ሲያልፍ ማሽኑ በራሱ ዝም አለ። ነቀልኩ፣ ገመዱን መለስኩ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ሒሳብ...» ስል ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ።

«ጻፍ» አለኝ።

«ምን?»

«የሚወጣው ለሚመጣው ይነግራል አይደል? ያየኸውን ጻፍ፣ ያላየኸውን አትጨምር።»

እሱ ስለ ግሩፓችን ሕግ ከየት ያውቃል ብዬ ራሴን የጠየቅሁት በኋላ ነው፣ ያኔ የማስበው አባባን ብቻ ነበር። ስልኬን ከማርታ ተቀብዬ እዚያው ቆሜ «የሣሩ ጣቢያ፣ አለ» ብዬ ጻፍኩ። በእጄ የሰካሁትን ነው የጻፍኩት፣ እስከ ዛሬ የማልጸጸትበት ነገር ቢኖር እሱ ነው። አፑን በዚያው ከፈትኩት፣ ነጥቡ ግራጫ ነበር።

አርባ ምንጭን አቋርጠን የኩልፎን ድልድይ እስክንሻገር ማርታ የአባባን ጋቢ ስታስተካክል ቆየች። አባባ ተኝቷል፣ ትንፋሹ ተስተካክሏል። ዳገቱን ስንጀምር፣ «ጋሼ፣ እነዚያ ሽማግሌዎች እነማን ናቸው?» አለችኝ።

«የትኞቹ? አንድ ጥበቃ ነው የነበረው።»

«ከኋላው ድንጋዮቹ ላይ የተቀመጡት እኮ ነው የምልህ። አባባ ሲናገር አንድ ላይ የሚቀበሉት።»

በመስታወቱ ሳያት ዓይኗ ፍጥጥ ብሏል፣ ከአባባ ጋቢ ላይ አንድ ነገር እያነሣች ነው፣ እርጥብ ሣር ነው።

ገረሴ ስንገባ ብርዱ ተቀበለን፣ የአባባ አጥር በር ላይ ባትሪ መብራት የያዘ ሰው ቆሟል። አጎቴ ባሳ ነው። በሌላኛው እጁ ሣር ይዟል። ማንም አልደወለለትም፣ እኔ ቁጥሩም የለኝም፣ ማርታም የላትም።

«ጋሼ ባሳ፣ ማን ነገረህ?» አልኩት፣ ስሙን ጠርቼ ሳናግረው በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

«መጡ አሉኝ፣ ወጣሁ» አለ።

«እነማን ናቸው ያሉህ?»

መብራቱን ፊቴ ላይ አብርቶ አየኝ። «አንተ በጣም ደክሞሃል። ግባ፣ ብርድ ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር አልነግርህም፣ የሁለት ወንድማማቾች ጉዳይ ነው። አባባ ጣቢያው ላይ ለሽማግሌው የተናዘዘውን ደገመለት፣ አንድም ቃል ሳይቀንስ። ባሳ ሣሩን ደረቱ ላይ አኖረለት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ እግሩን ሲያሽለት አደረ። አባባ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፣ ሳምንቱ ሳይሞላ ሄደ፣ ፊቱ ግን ሰላም ነበረው። ብዙ አለቀስኩ፣ ስላለቀስኩም አላፍርም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ጌታ ረዳን ብዬ ምስክርነት ሰጥቼበት እተወው ነበር። ነገር ግን ከሐዘን ተነሥቼ ወደ ሴቻ ስመለስ ሮቤል ደወለ።

«ወንድሜ፣ ሐዘን ላይ ስለሆንክ ነው ዝም ያልኩት» አለኝ። «ምን አደረግኸን?»

«ምን አደረግሁ?»

«የሣሩ ጣቢያ አለ ብለሃል። አንድ ልጅ የአንተን ስም አይቶ፣ እሱ አይዋሽም ብሎ፣ ሰው ይዞ ገባ። ምን አለ እዚያ? አረም ነው ያለው። ሌሊቱን በረሃ አድሮ በአይሱዙ ጭነው ነው ያመጡት።»

«ከእኔ በፊትም አንድ ሰው ጽፎ ነበር፣ ነጥብ የሆነ ስም ያለው...»

«ማንም አልጻፈም። ስለዚያ ጣቢያ ግሩፑ ከተከፈተ ጀምሮ የጻፍከው አንተ ብቻ ነህ። ተሳስቻለሁ፣ የለም ብለህ ጻፍ፣ እኔም እዘጋዋለሁ።»

የዚያኑ ቅዳሜ በቀን ሄድኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻዬን። ማሽኑ አለ፣ ስክሪኑ በአቧራ ታውሯል፣ ገመድ የለውም፣ ማለት ተቆርጦ አይደለም፣ ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ ከፋብሪካ በመጣ ላስቲክ እንደተደፈነ ነው፣ ኖሮትም አያውቅም። ከጎኑ ተርብ ቤት ሠርቷል። አረሙ ላይ የጎማ ምልክት አለ፣ ሁለት መኪና፣ አንዱ የእኔ መሆን አለበት። መንገድ ማዶ ሙዝ የምትሸጥ ሴት ነበረች፣ ሄጄ ጠየቅኋት።

«እህቴ፣ እዚህ ያሉት ጥበቃ ዛሬ የሉም?»

«ምን ጥበቃ? ምን የሚጠበቅ አለና?» አለችኝ። ሙዙን እየደረደረች ቆየችና፣ «ድንጋዩ ላይ ግን እንዳትቀመጥ፣ ጌታ ይባርክህ» አለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ተመልሼ ማሽኑ አጠገብ ቆምኩ፣ ስልኬን አወጣሁ። ሕጉ ከቦታው ነው የሚጻፈው ይላል፣ ልጁም በረሃ ያደረው በእኔ ቃል ነው፣ ሌላ ሰው እንዳይገባበት «የለም» ማለት አለብኝ። «የ» ፊደልን ነካሁ። ማሽኑ ውስጥ እምም የሚል ነገር ተነሣ። ተርቡ ነው አልኩ፣ ተርብ ነው፣ ደረቅ ሰው ነኝ ብዬሃለሁ። ጻፍኩ፣ «የለም»። ልልከው ጣቴን ሳነሣ ያ ድምፅ ከፍ አለና ዝቅ አለ፣ ከፍ አለና ዝቅ አለ። እኔ በእጄ ሰክቻለሁ። ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ። አባቴ በዚያ ኃይል ነው ገረሴ የገባው፣ በሌላ በምን ይገባል? እነዚያ ድንጋዮች ፊት ቆሜ የለም ካልኩ አባቴ ያደረገውን ማድረጌ ነው። አለ ብዬ ከተውኩትም አንድ ቀን አንዱ በሽተኛ ይዞ ይገባና ይቀራል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ የጻፍኩትን አጠፋሁትና ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለሮቤል ብቻ «በእጄ ሰክቻለሁ። አሁን ሽቦም ገመድም የለውም። ሁለቱም እውነት ነው» ብዬ ጻፍኩለት። «ወንድሜ፣ ሐዘን ነው፣ እረፍ» ብሎ ከግሩፑ አስወጣኝ፣ ጽሑፌንም አጠፋው። አልፈረድኩበትም፣ እኔም ብሆን አባርረው ነበር። ለማርታ አንድ ቀን ነገሩን አነሣሁላት፣ «ያየሁትን አይቻለሁ» ብላ ወጥ ማማሰሏን ቀጠለች። አጎቴ ባሳ ድንበሩ ላይ ያለውን እንሰት አልነካውም፣ «ይሁን፣ የወንድሜ ነው» ይላል።

ይህንን ሁሉ ዛሬ የምጽፍልህ ባለፈው ሐሙስ በሆነው ነገር ነው። ከሥራ ወጥቼ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ፍሪጇ ግቢ ውስጥ ተሰክታለች፣ አልማዝ ውስጥ ናት፣ ገና አልመሸም። ከማላውቀው ቁጥር መልእክት ገባ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ቁጥርዎን ከሰው ነው ያገኘሁት። ሶዶ መብራት የለም። ምዕራብ አባያን አልፌያለሁ፣ ባትሪዬ አልቋል። እናቴን ይዣለሁ፣ ከሆስፒታል ነው። የሣሩ ጣቢያ ድሮ አለ ብለው ነበር አሉኝ። አለ ወይስ የለም?»

ሮቤል መኪና እንዲልክለት ደወልኩለት፣ አያነሣም። አለ ልበለው? በእጄ ያልሰካሁትን? የለም ልበለው? በእጄ የሰካሁትን? በመጨረሻ ጣቴ የጻፈውን ነው የምነግርህ፣ አስቤበት አይደለም።

«እናትህ ሳትታረቀው የቀረችው ሰው አለ?» አልኩት።

አነበበው። «እየጻፈ ነው» ይላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ «እየጻፈ ነው» ይላል፣ ይቆማል። አፑን ከፈትኩ፣ ካርታውን ወደ ሐይቁ ዳር ጎተትኩ። መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ ግራጫ የነበረው የሣሩ ጣቢያ ነጥብ ቀይ ሆኗል፣ «በሥራ ላይ» ይላል። ልጁ እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም፣ ስደውል ስልኩ ይጠራል፣ ማንም አያነሣም። ሮቤልን ጠየቅሁት፣ በዚያ መንገድ የቆመ መኪና የለም፣ የተጎተተም የለም አለኝ። ነጥቡ ዛሬ ጠዋትም ቀይ ነው።

እኔ ግን፣ እመነኝ፣ «አለ» አላልኩትም።